መንግሥትን የዳረው አሥር አለቃ

የተርፋሳን ሞት የነገረኝ ገመቹ ነው። አውቶቡስ ተራ አጠገብ አገኘኝና ሰላምታውን በወጉ ከጨረሰ በኋላ፣ «ወንድሜ ሞተ» አለኝ። ገመቹ የሥጋ ወንድም የለውም። አባቱ ኦቦ ዲንሳ ከእሱ በቀር ወንድ ልጅ እንዳልወለዱ አኖ ከተማ ውስጥ የማያውቅ የለም። ቢሆንም የትኛው ወንድምህ ብዬ አልጠየቅሁትም። ያን ወንድሙን ያገኘ ዕለት እኔም እዚያው ቆሜ ነበር።

አለቀስኩ። ጥቂት ቆይቼ ደግሞ ሳቄ መጣ። ገመቹም ዕንባውን እየጠረገ ሳቀ። አሥር አለቃ ተርፋሳን የሚያውቅ ሰው ሳይስቅ ሊያለቅስለት አይችልም፤ ጥፋቱም የእሱ እንጂ የእኛ አይደለም።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ነው፣ ነቀምቴን እኛ የሸዋ ሰዎች ልጆች «ለቀምት» እያልን በምንጠራበት ጊዜ። እኔ የፖሊስ ጣቢያው ጸሐፊ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ሰልፉ ፊት ቆሜ የአባላቱን ስም ከነአባታቸው እጠራለሁ፣ እነሱም «አለሁ» ይላሉ። ተርፋሳ ላይ ስደርስ ግን የምጠራው አንድ ስም ብቻ ነው። ሕፃን ሆኖ ከነጋዴ ጭነት ጋር ከተማችን የገባ፣ ከሰው ቤት ሰው ቤት እየዞረ ያደገ ሰው ነው፤ አባቱን አያውቅም። የአንዱን አሳዳጊህን ስም አስመዝግብ ብዬ ብመክረው፣ «እኔ ሌባ አሳሪ ነኝ፤ የሰው አባት አልሰርቅም» ብሎ አሳፈረኝ። መኖሪያውም እዚያው ጣቢያ ውስጥ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጥግ ያለች ክፍል ነበረች።

ቁመቱ አጭር፣ ቆቡ ትልቅ ነበር። ጆሮዎቹ ባይዙለት ኖሮ ቆቡ አንገቱ ድረስ በወረደ። የቁመት መለኪያውን እንዴት አልፎ እንደተቀጠረ ስጠይቀው፣ የዚያን ቀን የሚለካው ሰውዬ ታሞ እንደቀረ ነገረኝ። ስሙን ያስጠራው ግን ቁመቱ ሳይሆን ሰላምታው ነው። ሌባ ሊይዝ ሲሄድ እንኳ ቆቡን አውልቆ «አካም ቡልተን» ይላል፣ እንዴት አደራችሁ ማለቱ ነው። ከዚያ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል፤ የሌባውን አማት ወገብ ሳይቀር ይጠይቃል። በዚያ አገር ሰላምታ አቋርጦ መሮጥ ከስርቆት የባሰ ነውር ነውና ሌባው እያንዳንዱን እየመለሰ ይቆማል። ሲጨርሱ ተርፋሳ «በል እንግዲህ እንሂድ» ይለዋል፤ እንደ ጓደኛሞች እያወሩ ይመጣሉ። ሌሎቹ ፖሊሶች በበቆሎ ማሳ ውስጥ ሲያሳድዱ ውለው ሱሪያቸውን ቀደው ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር።

አለቃችን ሻምበል ጌታነህ የመንዝ ሰው ነበሩ፤ ድምፃቸው ከጣቢያው ግቢ አልፎ ገበያ ድረስ ይሰማል። የተርፋሳን አሠራር ወታደራዊ አይደለም እያሉ ይጠሉት ነበር። ቢጠሉትም ጉዳይ ሲጠብባቸው የሚጠሩት እሱን ነው።

በአንዱ ዓመት ብዙዎቹ ነባር ፖሊሶች ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወሩና ሻምበል ከመስቀል በፊት አሥር ምልምል እንዲያቀርቡ ታዘዙ። መጀመሪያ በራሳቸው መንገድ ሞከሩት። ቅዳሜ ቀን በካሚዮን ሲሬ ገበያ ወረድን፣ ጥሩምባ ተነፋ፣ ሻምበል ካሚዮኑ ላይ ቆመው መንግሥት ጎበዛዝቱን ለፖሊስነት እንደሚፈልግ ተናገሩ። ተናግረው ሳይጨርሱ ገበያው ውስጥ ጎበዝ የሚባል ጠፋ። ግማሹ በበርበሬ ተራ፣ ግማሹ በከብት ተራ በኩል አጥር ዘሎ ሄደ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ወደ ካሚዮኑ ቀረቡና መንግሥት በቅሏቸውን ይቀጥርላቸው እንደሆነ ጠየቁ። ሻምበል ቆሽታቸው አርሮ ተመለሱ።

ጣቢያ እንደደረስን ተርፋሳን አስጠሩት። እስከ መስቀል አሥር ሰው ካላመጣህ ማዕረግህን ብቻ ሳይሆን ልብስህንም ታወልቃለህ አሉት። ልብሱን ካወለቀ ክፍሏንም ይለቃል፤ ሌላ መግቢያ እንደሌለው ሁላችንም እናውቃለን። እሱ ግን የጠየቀው ሌላ ነገር ነው፤ የሚመለመሉት ልጆች አባት አላቸው ወይ አለ። ሻምበል ያለ አባት የሚወለድ አለ እንዴ ብለው ጮኹበት። «እንግዲያው አባቶቻቸውን እንጠይቃለን» አለና ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ።

አጠያየቁን ያየሁት አኖ ላይ ነው። እኔን ለመዝጋቢነት፣ ሁለት ሽማግሎችን ለክብር አስከትሎ፣ እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ ኦቦ ዲንሳ በር ላይ ቆመ። ልጃገረድ ለመለመን የሚኬደው እንደዚያ ነው። ኦቦ ዲንሳ አራት ሴቶች ልጆች ስላሏቸው ፊታቸው በራ፤ የትኛዋን ነው ብለው ጠየቁ። ተርፋሳ ገመቹን ነው አላቸው። ገመቹ ያኔ ትከሻው በር የሚሞላ ጎረምሳ ነበር፣ ይህን ሲሰማ ጎተራ ጀርባ ገብቶ ተደበቀ።

«ሙሽራው ማን ነው?» አሉ ኦቦ ዲንሳ።

«መንግሥት ነው» አለ ተርፋሳ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ኦቦ ዲንሳ አልሳቁም። በወንጌላዊነታቸው ጥብቅ ሰው ስለነበሩ መጀመሪያ የጠየቁት ሙሽራው ይጠጣል ወይ ብለው ነው። ተርፋሳ ጥቂት አሰበና መንግሥት እንደማይጠጣ፣ ሻምበል ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ትንሽ እንደሚቀምሱ ነገራቸው። እንዲህ ዓይነት መልማይ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ጫማው እግር እንደሚልጥ፣ ሌሊት ዘብ እንደሚያቆሙ፣ ሥጋ በዓመት በዓል ካልሆነ እንደማይገኝ ሁሉንም ዘረዘረ። እኔ ከኋላ ኮቱን ብጎትተው ዞር ብሎ፣ ልጅ ሲለመን ነውር አይደበቅም አለኝ።

የከበደው ጥያቄ መጨረሻ ላይ መጣ። የኦቦ ዲንሳ ሚስት የእህት ልጅ አዲስ አበባ ተቀጥሮ ፖሊስ ሆኗል። ደመወዙ በእኛ በኩል ከሚቀጠረው ይበልጣል። ቆቡ አንድ፣ ቆመጡ አንድ፣ ማዕረጉ አንድ ሆኖ ደመወዙ ለምን ይለያያል አሉ። ተርፋሳ ይህን አላውቅም፣ ጠይቄ እመለሳለሁ ብሎ ሣሩን እንደያዘ ተነሣ።

ሻምበል ሲጠየቁ መልሱ አልቸገራቸውም፤ ወለጋ ቅቤና ማር ርካሽ ስለሆነ ነው አሉ። ተርፋሳ ቅቤውን ይዞ አኖ ተመለሰ። ኦቦ ዲንሳ ሰሙና «የዚህ አገር ሌባስ ዱላው ርካሽ ነው?» አሉ። ተርፋሳ ዱላውን ይዞ ለቀምት መጣ። እንዲህ ሲመላለስ ክረምቱ አለቀ፤ ነገሩም በየመንደሩ ተሰምቶ የጎበዛዝቱ አባቶች ሁሉ የኦቦ ዲንሳን መልስ መጠበቅ ጀመሩ። በመጨረሻ ሻምበል መልስ ሲያልቅባቸው፣ ሥልጠናቸውን ሲጨርሱ እኩል ይሆናል በላቸውና ገላግለኝ አሉ።

ተርፋሳ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ልበላቸው ነው?» አለ።

«በላቸው አልኩ እኮ።»

እሳቸው ይህን ያሉት ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጃቸውን እያወናጨፉ ነው። እሱ ግን ቃሉን ተቀብሎ በሽማግሌ ፊት፣ ሣር ይዞ ለአባቶቹ ሰጠ። በአገሩ ወግ የነገር አባት ሆነ ማለት ነው። ሙሽራ የተባለላት ሳይደረግላት ሲቀር የምትከሰው የነገር አባቷን ነው። አሥሩ ልጆች ተመርቀውና ተዘፍኖላቸው መጡ። የገመቹ እናት አዴ ጫልቱ ለልጃቸው አንድ ቅል ቅቤ ሰጥተው፣ ለአማትህ ስጥልኝ አሉት። አማትየው ሻምበል መሆናቸው ነው፤ ቅቤውንም ተቀበሉ።

ልጆቹ ሠልጥነው የመጀመሪያውን ደመወዝ ሲቀበሉ ያው የድሮው ሆነ። ተርፋሳ ሻምበል ዘንድ ገባ፤ ቀስ ብሎ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ አስታወሳቸው። በሚቀጥለው ወርም ገባ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲገባ ሻምበል፣ አንተ የማን ወኪል ነህ ብለው አስወጡት። በዕረፍት ቀኑ በእግሩ አኖ ሄደ። ኦቦ ዲንሳ በር ላይ ቆሞ፣ ሰላምታውን ሳያሳጥር ጨርሶ፣ «የሰጠኋችሁ ቃል አልተፈጸመም። ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ብዬ ራሴ መጣሁ» አላቸው። ይህን ራሱ ነው የነገረኝ። ለዚያ ሰው እንጀራውን ከማጣት በላይ የሚያስፈራው በዚያ በር ላይ ውሸታም መባል ነበር።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጠዋት አሥሩ አባቶች በቅሎ እየሳቡ በዋናው በር ገቡ። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። እኔን ሰላም አሉ፣ ዘበኛውን ሰላም አሉ፣ እስረኞቹን ሳይቀር በመስኮት ሰላም አሉ። ልጆቹ ጠመንጃና ቆባቸውን በረንዳው ላይ በሥርዓት ደርድረው በቅሎዎቹ ላይ ወጡ። ሻምበል ሸሚዛቸውን እየቆለፉ ሮጠው ደረሱና ይህ ኩብለላ ነው፣ ያስቀጣል ብለው ጮኹ።

«የምትኮበልል በጨለማ በጓሮ ትሄዳለች» አሉ ኦቦ ዲንሳ። «እኛ በቀን በበር ነው የመጣነው። ልጆቻችን ተበድለዋል፤ ወደ ቤታቸው እንወስዳቸዋለን።» ከዚያም ደኅና ዋሉ ብለው ወጡ።

ጣቢያው ውስጥ ከሻምበልና ከእኔ ሌላ ተርፋሳና ጡረታቸውን የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ቀሩ። ሻምበል ራሳቸው በር ላይ ዘብ ቆሙ። የእስር ቤቱ ቁልፍ ለእኔ ተሰጠኝ፤ እኔም እንዲህ ዓይነት ነገር ስለማላውቅበት በሩን ሳልቆልፍ ረስቼ ሄድኩ። አንድ የፈረስ ሌባ በሩን ራሱ ከውጭ ቆልፎ ቁልፉን ቢሮ ድረስ አመጣልኝ። አሁን በየት በኩል ልትገባ ነው ብዬ ስጠይቀው እሱም ግራ ገባው። ሻምበል ወደ በላይ እንዳያመለክቱ፣ ፖሊሶቼን አባቶቻቸው ወሰዱብኝ ብሎ ማመልከት ሞት ሆነባቸው። ይባስ ብሎ ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ ሊመጣ መሆኑ ተሰማ።

መላውን ያመጡት ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ሚስቱ አኩርፋ አባቷ ቤት የሄደችበት ሰው የሚያደርገው ይታወቃል አሉ።  «አንቱስ እኔ ያኮረፍኩ ጊዜ ምን አደረጉ?» ሲሏቸው ሻምበል አንገታቸውን ደፍተው ስልክ ማስደወል ጀመሩ።

በስልኩ የሆነውን ሰማሁ፤ ያስደወልኩት እኔ ነኝ። ሻምበል የልጆቹ ደመወዝ ከአዲስ አበባዎቹ ጋር እንዲስተካከል ለመኑ። ከወዲያ በኩል ያለው ሰው ለአዲስ ምልምሎች እንደሚቻል ነገራቸው። እስከ ዛሬ ለምን አልተደረገም ሲሉት፣ እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀም አለ። ሻምበል መነጋገሪያውን አስቀመጡ። ያ ሁሉ ቅቤና ዱላ በተርፋሳ እግር ሲመላለስ አንዴም ከእሳቸው ጠረጴዛ አልፎ ወደ ላይ አልሄደም ነበር። ነባሮቹን በተመለከተ ወደፊት ይታያል ተባለ፤ እነሱን ያሰበ ስላልነበር ማንም አልተከራከረም።

ሻምበል ቄስና ሽማግሌ ይዘው አኖ ወረዱ። በወጉ መሠረት አጥር ውጭ ከጠበቁ በኋላ ገብተው ከመሬት ብዙም ከፍ በማትል ዱካ ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። አንጮቴ የሚባለው የወለጋ ሥራ ሥር ተቀቅሎ ቀረበላቸው፤ በሉ፣ አመሰገኑም። ቃል ሰጥቼ ረስቻለሁ ብለው በአፋቸው ተናገሩ። ኦቦ ዲንሳ ጸሎት አድርገው ልጆቹን መለሱላቸው። ተቆጣጣሪው ሲመጣ አሥሩም ተሰልፈው ጠበቁት፤ ሥርዓት ያለው ጣቢያ ነው ብሎ አመስግኖ ሄደ።

ሻምበል ግን ያቺን ዱካ ሊረሷት አልቻሉም። ሰኞ ጠዋት ተርፋሳን ጠርተው የመሥሪያ ቤት ምስጢር ለገበሬ አውጥተሃል፣ እስከ ቅዳሜ ልብስህን አስረክበህ ክፍሉን ልቀቅ አሉት። እሱም እሺ ጌታዬ ብሎ ወጣ። ልጆቹ ሲሰሙ ተንጫጩ። ገመቹ አሁኑኑ ሁላችንም ወደ ቤታችን እንሂድ አለ።

ተርፋሳ ተቆጣ፤ ሲቆጣ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «እናንተን ከአባታችሁ ለምኜ ነው ያመጣኋችሁ» አለ። «ብትበደሉ የምትመለሱበት በር አላችሁ። እኔን ከማንም የለመነኝ የለም። በገዛ እግሬ ገባሁ፣ በገዛ እግሬ እወጣለሁ።» ከዚያ ሄዶ ቁልፎቹን ማወልወል ጀመረ። ያን ሳምንት ሙሉ የሰውን ሰላምታ እያሳጠረ ያልፍ ነበር። አገሩን ሁሉ የነገር አባት ሆኖ ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ለራሱ አንድ እንኳ አጣ።

ቅዳሜ ጠዋት የፖሊስ ልብሱን አጣጥፎ ክንዱ ላይ ይዞ ሻምበል በረንዳ ፊት ቆሞ ሳለ ኦቦ ዲንሳ በዋናው በር ገቡ። ሁለት ሽማግሌ አስከትለዋል፣ አንዲት ባዶ በቅሎ ይስባሉ፣ እርጥብ ሣር ይዘዋል። ገመቹ ከኋላቸው ነበር። ሰላምታው ረዘመ። ሻምበል እያንዳንዱን ሲመልሱ ዓይናቸው በቅሎዋ ላይ ነበር።

«ልጃችንን ልንወስድ መጥተናል» አሉ ኦቦ ዲንሳ።

ሻምበል የገመቹ ደመወዝ እንደተስተካከለ፣ ነገሩም በዕርቅ እንዳለቀ አስረዱ። ኦቦ ዲንሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ገመቹን አይደለም። ትልቁን ነው» አሉና በሣሩ ወደ ተርፋሳ አመለከቱ።

«ይህ ሰው እኮ አባት የለውም።»

«አለው። ቤተ ሰብ ተቀምጦ ተነጋግሮበታል። አዴ ጫልቱም ተስማምታለች።»

«በዕድሜ ከእርስዎ ብዙ አያንስም!»

«ዘግይተን ነው ያገኘነው» አሉ ኦቦ ዲንሳ። ግቢው ውስጥ የነበርን ሁሉ ሳቃችንን ዋጥን። እሳቸው ግን አልሳቁም። «አባት የለውም ብለው ነው የበደሉት» አሉ ቀጥለው። «ከእንግዲህ አለው።»

 ተርፋሳ የታጠፈውን ልብስ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ትልቁ ቆቡ ጆሮዎቹ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ኦቦ ዲንሳ ቀረብ ብለው ልብሱን ከክንዱ ተቀበሉና ለእኔ ሰጡኝ። «ኮቱ፣ ኢልመ ኬኛ» አሉት፣ ና ልጃችን ማለታቸው ነው። ገመቹ ክንዱን ደግፎ በቅሎዋ ላይ አወጣው። ሰላምታ ሳይሰጥ ሰው አልፎ የማያውቀው ተርፋሳ ከማንኛችንም ጋር ሳይነጋገር ወጣ። ቅር ሲለኝ ያዩ አንዱ ሽማግሌ፣ ከቤት የምትወጣ ሙሽራ አትናገርም ብለው አጽናኑኝ። ይችኛዋ ከባሏ ቤት ወደ አባቷ ቤት የምትመለስ ናት ብዬ አልተከራከርኳቸውም።

 ወይዘሮ አስካለ የሻምበልን ጋቢ ይዘው ወደ በረንዳው ወጡና፣ ሽማግሎቹን ላስጠራልዎ ወይ አሏቸው።

«ዱካዋ እኮ ዝቅ ያለች ናት» አሉ ሻምበል።

ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት እንደገና ስልክ አስደውለው የነባሮቹን ነገር ጠየቁ፤ ሁለተኛው ጥያቄ እንደ መጀመሪያው አልከበዳቸውም። አኖ ላይ ተርፋሳ አንድ ሳምንት ሙሉ ተኝቶ እየበላ እንደነበር ገመቹ ነግሮኛል። ሻምበል አጥር ውጭ መቆማቸውን ሲሰማ ሮጦ ሊያስገባቸው ቢነሣ አዴ ጫልቱ እጁን ይዘው፣ ትንሽ ይጠብቁ ብለው አስቀመጡት።

ዕርቁ ወርዶ ተርፋሳ ወደ ጣቢያው በተመለሰ ማግስት ሰልፉ ፊት ቆሜ ስም መጥራት ጀመርኩ። ገመቹ ዲንሳን ጠራሁ፣ አለሁ አለ። ቀጥዬ «አሥር አለቃ ተርፋሳ ዲንሳ» አልኩ። የሚመልስ ጠፋ። ደገምኩ። ሰልፉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ፤ እሱም የተጠራውን ሰው ለማየት ከሰዎቹ ጋር አብሮ ዞሮ ነበር። ሻምበል ከበረንዳው ላይ ተኝተሃል ወይ ብለው ጮኹ። ገመቹ በክርኑ ነካ አደረገው።

ተርፋሳ ቆቡን ከዓይኑ ላይ ከፍ አደረገ። 

«አለሁ» አለ።